የተቀዳ እንቅስቃሴ ሲበላሽ፦ የሞሽን ካፕቸር ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሰውን እንቅስቃሴ ቀድቶ ለዲጂታል ገጸ ባህሪ ማልበስ አሁን የትልልቅ ስቱዲዮዎች ስራ ብቻ አይደለም። ስልክና ደህና ኮምፒውተር ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰራዋል። ዳታው ግን ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ ሲከፈት ንጹህ ሆኖ አይገኝም። እግር ይንሸራተታል። እጅ ጎን ውስጥ ይገባል። ጭንቅላት በድንገት ይዞራል። አብዛኛው ጀማሪ ታዲያ በቀጥታ ወደ ማለስለሻ ፊልተር ይሮጣል። እባካችሁ አትሩጡ። ፊልተር የመጨረሻ ስራ ነው። ችግሩ ኩርባው (የእንቅስቃሴውን ለውጥ በጊዜ የሚያሳየው መስመር) ላይ ቢታይም፣ ብዙውን ጊዜ የመጣው ከዚያ በፊት ካለ ቦታ ነው።

ምሳሌዎቼ ብሌንደር ከተባለው የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር ናቸው፤ ነጻ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንሰራው በእሱ ነው። በሌላ ሶፍትዌር የቁልፎቹ ቦታ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

እንቅስቃሴው ይጎተታል ወይም ይከንፋል

መጀመሪያ በሰከንድ ያለውን የፍሬም (የነጠላ ምስል) ቁጥር እዩ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በነጻ በለቀቀው ስብስብ ብዙ ተማሪ ይለማመዳል። በዚያ ውስጥ በሰከንድ 120 ፍሬም የተቀረጸ ፋይል ሞልቷል። እሱን በ24 ፍሬም ፕሮጀክት ውስጥ እንዳለ ካስገባችሁት፣ የ1 ሰከንዱ እርምጃ 5 ሰከንድ ይፈጃል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቢቪኤች የሚባለው የእንቅስቃሴ ዳታ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። የቦኖቹን (የዲጂታሉ አጽም አጥንቶች) ዝርዝር አልፋችሁ ስትወርዱ «ፍሬም ታይም» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ 0.0083333 ከሆነ፣ 1ን ለእሱ ስታካፍሉ 120 ይመጣል። ፕሮጀክታችሁን መጀመሪያ በምትፈልጉት ፍጥነት አዘጋጁ፤ ከዚያ ፋይሉን ስታስገቡ «ስኬል ኤፍፒኤስ» የሚለውን ምረጡ።

ለቴሌቪዥን በ25 ፍሬም ለሚሰራ አንድ ነገር ልጨምር። 120 ለ24 ሲካፈል ልክ 5 ነው። ለ25 ሲካፈል ግን 4.8 ይሆናል፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ በፍሬሞች መካከል እየገመተ ይሞላል። ቀረጻው በእጃችሁ ከሆነ በ100 ቅረጹ።

ገጸ ባህሪው ግዙፍ ሆነ፣ ወይም ተኝቶ መጣ

አንዱ ሶፍትዌር በሴንቲሜትር ይለካል፣ ሌላው በሜትር። የ100 እጥፍ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ተኝቶ የሚመጣው ደግሞ ለአንዱ ወደ ላይ የሚያመለክተው ዋይ፣ ለሌላው ዜድ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ፋይሉ ሲገባ እዚያው ኢምፖርት መስኮቱ ላይ ጨርሱት። ከገባ በኋላ በእጅ ማሳነስ ሪታርጌት ስታደርጉ (እንቅስቃሴውን ወደ ራሳችሁ ገጸ ባህሪ ስታዛውሩ) ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እጁ ጎኑ ውስጥ ይገባል

ዳታው የተዘጋጀው እጅ በአግድም በተዘረጋበት ቲ ፖዝ ነው። የእናንተ ገጸ ባህሪ ደግሞ እጁን ዝቅ አድርጎ በኤ ፖዝ ቆሟል። ብዙ የሪታርጌት መሳሪያዎች የሚያስተላልፉት ከመነሻው አቋም የተለወጠውን ማዕዘን ነው። ቀድሞ 45 ዲግሪ ዝቅ ባለ እጅ ላይ ያንኑ ማዕዘን ሲጨምሩበት እጁ ገላ ውስጥ ይሰምጣል።

ፍሬም በፍሬም ለማረም አትሞክሩ። ገጸ ባህሪውን ወደ ቲ ፖዝ አምጡት። ሜሹ (የገጸ ባህሪው ገላ) አብሮ እንዲሄድ፣ ገላውን ከቦኖቹ ጋር የሚያስተሳስረውን አርማቸር ሞዲፋየር ቀድማችሁ አፕላይ አድርጉ። ከዚያ አቋሙን አዲሱ ረስት ፖዝ (መነሻ አቋም) አድርጉትና ሞዲፋየሩን መልሱ። አንድ ጊዜ ነው የሚሰራው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዳታ ሁሉ ልክ ይሆናል።

እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል

ተመልካች ቶሎ የሚይዘው ስህተት ይሄ ነው። ስለ አኒሜሽን ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ «ይሄ ነገር መሬት አልረገጠም» ይላል።

መጀመሪያ ገጸ ባህሪውን ደብቁና የመጀመሪያውን ስኬሌተን ብቻውን አጫውቱ። እዚያ እግሩ ካልተንሸራተተ ቀረጻው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የመጣው በሪታርጌት ነው። ምክንያቱ የእግር ርዝመት ልዩነት ነው። የተቀረጸው ሰው እግር 90 ሴንቲሜትር፣ የገጸ ባህሪው 72 ነው እንበል። ዳሌው የሚጓዘው በረጅሙ ሰው እርምጃ ልክ፣ እግሩ የሚራመደው በአጭሩ ልክ ይሆናል። ስለዚህ 72ን ለ90 አካፍሉ፤ 0.8 ነው። የዳሌውን የቦታ ለውጥ በ0.8 አባዙት። መዞሩን አትንኩት። አብዛኛው መንሸራተት በዚህ ብቻ ይጠፋል።

ዳታው «ኢን ፕሌስ» ተብሎ የወረደ ከሆነም መንሸራተቱ አይገርምም። ገጸ ባህሪው ባለበት ነው የሚራመደው፤ በእጅ ስትገፉት የገፋችሁበት ፍጥነት ከእርምጃው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ምርጫውን አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱት።

የቀረውን በአይኬ፣ ማለትም እግሩ የት እንደሚያርፍ በዒላማ በሚወስነው ዘዴ፣ አስሩት። እግሩ መሬት የነካበትንና የለቀቀበትን ፍሬም ምልክት አድርጉ፤ በመካከሉ የአይኬ ዒላማው ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ። በእርምጃ ላይ ቀድሞ የሚያርፈው ተረከዝ ነው፣ መጨረሻ የሚለቀው ጣት ነው። መላ እግሩን በአንድ ፍሬም ብታስሩት እንደ ሮቦት ይረግጣል። ሲታሰርም ሲፈታም ጥቂት ፍሬም መሸጋገሪያ ስጡት። ከዚህ በኋላ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ጧ የሚል ከሆነ፣ እግሩ ዒላማው ጋ ለመድረስ አጥሮታል ማለት ነው። ዳሌውን በዚያ ቦታ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት።

እጅ ወይም እግር በቅጽበት ዘለለ

እዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። ግራፍ ኤዲተሩን ክፈቱ። ኩርባው ከ180 ወደ −180 በአንድ ፍሬም ከወረደ፣ ቦኑ በእውነት አልዞረም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚያመለክቱት ያንኑ አቅጣጫ ነው። የኦይለር ማስተካከያውን ኩርባው ላይ አስኪዱት፤ ይስተካከላል። ይህን ሳታደርጉ ካለሰለሳችሁ ግን ሶፍትዌሩ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መንገድ ይሰራል፤ እጁም ሙሉ ዙር ይሽከረከራል።

ሁለተኛው የማርከር መለዋወጥ ነው። በኦፕቲካል ሲስተም፣ ማለትም ሰውነት ላይ የተለጠፉ ማርከሮችን በካሜራ በሚከታተለው፣ ካሜራዎቹ የሚያዩት የሚያበሩ ነጥቦችን ብቻ ነው። ሁለት እጆች ሲጠጋጉ የግራው ነጥብ የቀኙን ስም ሊወስድ ይችላል። ይህ የሚስተካከለው ወደ ማርከሩ ዳታ ተመልሶ ስሙን በማረም ነው። ፊልተር ስህተቱን አጠገቡ ላሉት ጤነኛ ፍሬሞች ያከፋፍለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል

የአንድን ማርከር ቦታ ለማስላት ቢያንስ ሁለት ካሜራ ሊያየው ይገባል። ክፍሉ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ መስታወት ወይም የፀሐይ ብርሃን ካለ ካሜራው የሌለ ማርከር ያያል። መጋረጃ ዝጉ፣ ሰዓትና ቀለበት አስወልቁ። በሴንሰር ልብስ ከቀረጻችሁና ሰውነቱ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ከሆነ፣ ወለሉ ውስጥ ያለውን ፌሮ ጠርጥሩ። ብዙዎቹ ልብሶች አቅጣጫ የሚያውቁት በማግኔት ሴንሰር ጭምር ነው፤ ብረት ያሳስታቸዋል። ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ መቅረጽ ብዙ ይረዳል።

እግሩ ይጨፍራል፣ ትከሻው ግን ሞቷል

እስክስታ ለመቅረጽ የሚሞክር ሁሉ እዚህ ይደርሳል። በቪዲዮ የሚሰሩ መሳሪያዎች ሰውን የሚያነቡት በተወሰኑ ነጥቦች ነው። ሚዲያፓይፕ የተባለው የጎግል መሳሪያ ለምሳሌ 33 ነጥብ አለው። 11ዱ ፊት ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ትከሻ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ለደረትና ለጀርባ አንድም የለም። እስክስታ ደግሞ ትከሻ ደረትን ትቶ ለብቻው የሚሄድበት ጭፈራ ነው። ስለዚህ መሳሪያው ያየውን ወይ ለክንድ ይሰጠዋል ወይ መላ ገላውን ያዘነብለዋል። ነጠላ ወይም ሰፊ ቀሚስ ከተለበሰ ጭራሽ ነገሩ ይጠፋዋል።

ከዚያ ፊልተሩ የቀረውን ይጨርሰዋል። ለመራመድ የተለመደው መቁረጫ 6 ኸርዝ (በሰከንድ 6 ምት) አካባቢ ነው፤ ከዚያ የፈጠነውን እንደ ንዝረት ይቆጥረዋል። ፈጣን የትከሻ ምት ደግሞ ለፊልተር ከንዝረት አይለይም።

ጠበቅ ያለ ልብስ፣ ብዙ ብርሃን፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ቅረጹ። ማርከር ወይም ሴንሰር ካላችሁ አንዱ ደረት ላይ፣ አንድ አንድ በየትከሻው ይቀመጥ። ፊልተሩን ለእግርና ለዳሌ ብቻ ስጡ፤ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄዱትን ቦኖች አትንኩ። ሪጉንም (የቦኖቹንና የቆዳውን ትስስር) አጣሩ፦ ያንን ቦን ብቻውን ስታነሱት ቆዳው አብሮ ካልተነሳ የትኛው ቦን የትኛውን ቆዳ እንደሚያንቀሳቅስ የሚወስነው ዌይት ፔይንት ነው የጎደለው። ይህ ሁሉ ሆኖም ትከሻው ካልመጣ፣ ዳሌውንና እግሩን ከዳታው ያዙና ትከሻውን ቪዲዮውን እያያችሁ በእጅ ኪ አድርጉ (አቋሙን በቁልፍ ፍሬሞች ላይ መዝግቡ)። እኔ ይህን እመርጣለሁ። የጎንደርን ከጎጃም የሚለየውን ምት ጥሩ ዓይን ያለው አኒሜተር ይይዘዋል፤ በስልክ ቪዲዮ የሚሰራ መሳሪያ አይዘውም።

እንቅስቃሴው ጥሩ ነው፣ ከቪዲዮው ጋር ግን አልዋሃድ አለ

ይህ ገጸ ባህሪውን በካሜራ በተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ ስታስገቡ የሚመጣ ነው። ስልኩ ምስሉን ራሱ እያረጋጋ ከቀረጸ የካሜራ ትራኪንጉ (የካሜራውን እንቅስቃሴ ከቪዲዮው ማስላቱ) ይንሳፈፋል፤ ማረጋጊያውን ከመቅረጻችሁ በፊት አጥፉት። ትራኪንጉ ከያዘና ገጸ ባህሪው አሁንም የተለጠፈ ከመሰለ፣ የሞሽን ብለሩን (የእንቅስቃሴ ብዥታውን) እዩ። በ25 ፍሬም፣ በ1/50 ሰከንድ ሻተር ከተቀረጸ የብሌንደር ሻተር ዋጋ 0.5 ነው። ስልኩ በጠራራ ፀሐይ ራሱ 1/1000 መርጦ ከሆነ ግን ቪዲዮው ላይ ብለር የለም ማለት ይቻላል፤ ዋጋውን ወደ 0.025 አውርዱት። ለሚቀጥለው ቀረጻ ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ግጠሙና ሻተሩን 1/50 ላይ ቆልፉት።