አኩሪ አተርን ከባክቴሪያው ጋር አብሮ መዝራት

አኩሪ አተር አየር ላይ ያለውን ናይትሮጂን በራሱ መውሰድ አይችልም። የሚሠራለት ብራዲራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ስሩ ላይ በሚወጣ እባጭ ውስጥ ገብቶ ናይትሮጂን ያዘጋጅለታል፣ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይመግበዋል። ባክቴሪያው አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ ማሳ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ከዘሩ ጋር አብሮ መግባት አለበት።

የሚሸጠው «ህያው ማዳበሪያ» እየተባለ፣ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ነው። ፓኬቱ ላይ የሰብሉን ስምና የአገልግሎት ጊዜውን ይዩ፤ የባቄላው ለአኩሪ አተር አይሠራም። 125 ግራሙ ለሩብ ሄክታር ዘር፣ ማለትም ለ15 ኪሎ ግድም ይበቃል።

እንደ ጅማ ባሉ አካባቢዎች አፈሩ ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲድ ደግሞ ባክቴሪያውን ያዳክማል። አፈርዎን ካስመረመሩና ኖራ ካስፈለገው ከመዝራትዎ ሳምንታት ቀደም ብለው ይበትኑ።

ዘሩን የሚቀቡት በሚዘሩበት ቀን፣ ማሳው ዳር፣ ጥላ ስር ነው። ለ15 ኪሎው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው ይርጩበት፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርገው ያሳድሩት። ዘሩ ሲወዛ ዱቄቱን ነስንሰው፣ ሁሉም ፍሬ እስኪጠቁር በእጅ በቀስታ ያገላብጡ። ውሃ ካበዙ ቅርፊቱ ይላጣል። ብዙዎች የሚያደርጉት የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ማሸት ነው፤ ጆንያው ላይ የቀረው የማዳበሪያ ጨው ባክቴሪያውን ስለሚገድል ንጹህ ሳፋ ይሻላል። በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘርም አይሆንም። በሬ እስኪጠመድ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዘር ደግሞ ምንም እንዳልተቀባ ይቁጠሩት።

እርጥብ አፈር ላይ፣ በመስመር መካከል 60፣ በዘር መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቀው ይዝሩና ወዲያው ያልብሱ። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ዘሩን እንዳይነካ ጎን ላይ ይግባ።

ቡቃያው ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላው ቢጫ ቢመስል አይደንግጡ፤ እባጮቹ ገና ሥራ አልጀመሩም። እዚህ ላይ ዩሪያ የሚያፈሱ ሰዎች ሥራውን ራሳቸው ያበላሹታል፤ ናይትሮጂን በነጻ ያገኘ ተክል ባክቴሪያውን አይመግብም።

አበባ ሲጀምር አምስት ስድስት ተክል በአካፋ ቆፍረው ያውጡ። ከነቀሉት እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። ስሩን በውሃ አለቅልቀው አንዱን እባጭ በጥፍር ይሰንጥቁት፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ከቀላ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም አይሠራም፣ አረንጓዴ ከሆነ አብቅቷል። ምንም እባጭ ከሌለና ቅጠሉም ቢጫ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ዩሪያ መጨመር ተገቢ ነው።

ሲደርስ በማጭድ ይጨዱ፤ ስሩ መሬት ውስጥ ይቅር።