የአሪል አይሪስን አበባ ቅርጽና መጠን እንዴት እንለያለን?

አሪል አይሪስ ኦንኮሳይክለስና ረጌሊያ የሚባሉትን ቡድኖችና ዲቃሎቻቸውን የሚያጠቃልል የአይሪስ አበባ ዓይነት ነው። ዓይነቱን ከቁመቱ ለመገመት የሚሞክር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ኢቤሪካ የሚባለው የካውካሰስ ዝርያ 20 ሴ.ሜ ገደማ በሆነ አገዳ ላይ ሰፊ አበባ ይሸከማል፤ ጌትሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ቱርክና የሰሜን ኢራቅ ዝርያ ደግሞ 50 ሴ.ሜ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ግን ከኦንኮሳይክለስ ቡድን ናቸው። ስለዚህ ከቁመቱ በፊት ጢሙን ይመልከቱ።

ጢም የምንለው ወደ ታች በታጠፉት የአበባ ቅጠሎች ላይ ያለውን ፀጉር ነው። ኦንኮሳይክለስ ላይ ጢሙ ሰፋ ብሎ የተበተነ ሲሆን ከሥሩ ጥቁር ማኅተም የመሰለ ምልክት ይታያል። በአንድ አገዳ ላይ አንድ አበባ ብቻ ያወጣል፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ቅጠሎችም ሰፊና ክብ ናቸው። የመካከለኛው እስያ ረጌሊያ አበባ ግን ጠበብና ረዘም ያለ ነው። ጢሙ በቆሙትም በታጠፉትም ቅጠሎች ላይ በቀጭን መስመር ይወርዳል፣ በአንድ አገዳም ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አበባ ይፈካል። ከተለመደው ጢማም አይሪስ ጋር የተዳቀሉት አሪልብሬድ ይባላሉ። በእነሱ ላይ የጢማሙ ድርሻ በጨመረ ቁጥር እምቡጡና ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ጥቁሩ ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። የአሪል ድርሻ፣ ማለትም ዲቃላው ከአሪል ወላጆቹ የወረሰው ክፍል፣ የሚሰላው ከትውልድ ሐረግ ነው፤ ከመልክ አይደለም። በአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ሽልማት ድርሻው 1/2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ለሲ ጂ ዋይት ሜዳሊያ፣ ከ1/4 ጀምሮ 1/2 ያልሞላው ለዊሊያም ሞር ሜዳሊያ ይቀርባል። ከአንድ ዘር ከረጢት የወጡ እኩል ድርሻ ያላቸው ችግኞች ግን አንዱ ድንክ፣ ሌላው ረጅም፤ አንዱ ባለ ማኅተም፣ ሌላው ባለ ጅማት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። በመልክ ብቻ ስም መስጠት አይገባም።

ሲለኩ አበባው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ፣ ሙቀት ሳያጠወልገው በጠዋት ይሁን። የአገዳውን ቁመት ከአፈሩ እስከ አበባው ሥር፣ የአበባውን ስፋት ደግሞ ቅጠሎቹን በእጅ ሳይዘረጉ ይለኩ። የታጠፈውን ቅጠል ርዝመትና ስፋት ለየብቻ ይመዝግቡ። ከጎን በአበባው ከፍታ ላይ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ቅጠሉ ወደ ውስጥ መታጠፉን ይደብቃል፣ ያ ደግሞ ከአሪል ቅርጽ መለያዎች አንዱ ነው። ከተቻለ ሦስት አገዳ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ያበበ ተክል አይፈረድበትም፤ አገዳው ያጥራል፣ አበባውም ያንሳል። ድርቅም ያሳጥረዋል። አረንጓዴው ቅጠል ላይ የሚታይ ቢጫ ሰንበር የዝርያው ባሕርይ ላይሆን ይችላል፤ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በእርሻ የሚራባው ሱሲያና የሚባለው የኦንኮሳይክለስ ዝርያ በዚህ የታወቀ ነው። የተጠረጠረውን ለብቻው ያርቁ፣ መቁረጫውንም ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ ያጽዱ።

ኦንኮሳይክለስን በትውልድ ቦታው ማየት ለሚፈልግ እስራኤል ለሚኖር አንባቢ ኔታንያ ቅርብ ናት። በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ አትሮፑርፑሪያ የሚባለው ጥቁር ሐምራዊ ዝርያ በባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ያብባል። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሳይቀነጥሱ ቆመው ይለኩ። ለመትከል ግን ከታወቀ ሻጭ የመጣ አሪልብሬድ ይሻላል፤ ከ20 ሴ.ሜ በላይ ከፍ ባለ፣ ጠጠርና አሸዋ በተቀላቀለበት መደብ ላይ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን አለስልሶ ለብስባሴ ያጋልጠዋል።

ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ችግሩ ክረምቱ ነው። ተክሉ በተፈጥሮው ደርቆ የሚያርፈው በትውልድ አገሩ የበጋ ሙቀት ወራት ሲሆን፣ ደጋው ላይ ግን በእነዚያው ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናብ ይወርዳል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። በማሰሮ ተክሎ በእነዚያ ወራት ከጣሪያ ሥር ማስገባት ይረዳል። ንጹሕ ኦንኮሳይክለስን ከመሞከር ይልቅ የአሪል ድርሻው 1/4 የሆነውን መጀመሪያ መትከል ይመከራል።