የአሮጌ መሣሪያን ዝገት እንዴት እናስለቅቅ? መልኩ ሳይጠፋ

የቆየ መሮ ወይም መዶሻ ዝጎ ሲገኝ ብዙ ሰው ግራይንደር ያነሳል። አታንሱ። ግራይንደር ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ማህተምም ይልጠዋል። ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ የመሮው ስለት ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ጥንካሬውን አጥቷል።

መጀመሪያ መሣሪያውን ከአቧራ አጽዱና ቀዩን ከጥቁሩ ለዩ። ሲነካ የሚረግፈው ቀይ ዝገት እርጥበት ይዞ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል፤ መውጣት አለበት። ከብረቱ ጋር የተዋሃደው ጠቆር ያለ ለስላሳ ሽፋን ግን አይጎዳም። የመሣሪያው ዕድሜ የሚታየው እሱ ላይ ነው፤ ተዉት።

ቀጥሎ የማሽን ዘይት ቀቡትና ለጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነው የብረት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ቁጥሩ 0000 በሆነው፣ ሳትጫኑ እሹት። ቡናማ ጭቃ ይወጣል። በጨርቅ እየጠረጋችሁ፣ ዘይት እየጨመራችሁ ቀጥሉ። ማህተሙ አካባቢ ሽቦውን ተዉትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሥሩ። ጨርቁ ላይ ቀይ መታየቱን ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ብረቱ እንደ አዲስ ማብረቅ የለበትም። በእኔ እምነት አብዛኛው መሣሪያ ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ዝገቱ ጠልቆ አልለቅ ካለ ብቻ ወደ አቼቶ ሂዱ። እጀታውን አውልቃችሁ ብረቱን ብቻ ንከሩት። በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣችሁ እዩት፤ ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት። አሲዱ ጥቁሩንም ሽፋን ይወስዳል፤ ሲቆይ ደግሞ ደህናውን ብረት ይበላና ግራጫ ያደርገዋል። ኒኬል ወይም ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ጭራሽ አይነከርም። ሲወጣ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አለቅልቁትና ወዲያው አድርቁት። እርጥቡን ትታችሁት ዞር ካላችሁ ዓይናችሁ እያየ መልሶ ይዝጋል።

ሲደርቅ ስስ ዘይት ቀቡት።

የእንጨቱን እጀታ በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁት፤ እጅ ያለሰለሰው ገጽ ይጠፋል። በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።