ራውተራችሁን አታፍኑት

ጠዋት ዋይፋዩ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ መቆራረጥ ይጀምራል። ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ነቅዬ ስሰካው ትንሽ ይስተካከልና መልሶ ያው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን መስመሩ ላይ ጥዬ ከረምኩ። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ልወለውል ራውተሩን ሳነሳው እጄን ፈጀኝ። ዲኮደሩ ላይ ነበር የተቀመጠው። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ደግሞ ጨርቅ ጣል አድርጌበታለሁ። ከታች ዲኮደሩ ያሞቀዋል፣ ከላይ ጨርቁ ያፍነዋል።

አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ውስጥ ፋን የለም። ላፕቶፕ ሲግል ድምፁን ትሰማላችሁ፤ ራውተር ግን ዝም ብሎ ነው የሚግለው። ቀፎው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። ቀዝቃዛ አየር ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ያን መንገድ ከዘጋችሁበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

መጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ ሙቀት መሆኑን እዩ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ አያስጨንቃችሁ። የእኔ መለኪያ እጄ ነው፦ አስር እስክቆጥር ላዩ ላይ ማቆየት ካቃተኝ በዝቷል። ከዚያ ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ሲቀዘቅዝ በደንብ ሠርቶ፣ ሲግል ከተቆራረጠ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ቀዝቅዞም የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ትልቁ ሥራ ቦታ መቀየር ነው። የብዙ ራውተሮች መመሪያ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። ይህ በዙሪያው ያለው አየር ሙቀት ነው እንጂ የራውተሩ የራሱ አይደለም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ወይም የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ በቀላሉ ያልፈዋል። ምንጣፍና ሶፋም የሥሩን ቀዳዳ ይደፍኑበታል።

እኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አገላብጣችሁ እዩት፤ ሥሩ ላይ አንድ በኩል ሰፋ፣ ሌላ በኩል ጠበብ ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ሥሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ቀዳዳዎቹን ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ይዤ በምልክቱ በሳሁ። ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አታጥብቁ፤ ራውተሩ የሚንጠለጠልበት ትንሽ አንገት ይቅርላቸው። መስቀያ ከሌለው አራት የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች በአራቱ ማዕዘን ሥር አድርጉለት። ከጠረጴዛው ከፍ ይልና አየር በሥሩ ያልፋል። በዙሪያውም አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት።

አቧራውን በወር አንዴ ጥረጉ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ። እርጥብ ጨርቅ አይሆንም። ቀዳዳዎቹን በመርፌ አትጎርጉሩ፤ አንዷ ትንሽ ቀዳዳ የሪሴት ቁልፍ ልትሆን ትችላለች፣ የይለፍ ቃላችሁንና ቅንብሩን ሁሉ ታጠፋባችኋለች።

አዳፕተሩን ሰው ይረሳዋል። እሱም ይግላልና አልጋ ወይም መጋረጃ ሥር አትቅበሩት። ከተቀየረ ቮልቱ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን። ቅርጹ ከተጣመመ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ወዲያው ነቅላችሁ ጣሉት።

ክፍሉ ራሱ ሞቃት ከሆነ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ፋን ከጎኑ ብታቆሙለት በጣም ይረዳል። ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ ግን በፍጹም አታስቀምጡት። ቀዝቅዞ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል።

ሙቀት ውስጡ ያሉትን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ቀስ በቀስ ያደርቃል። ስለዚህ ለዓመታት ሲግል የኖረ ራውተር ቦታ ብትቀይሩለትም ላይሻለው ይችላል። ነፋሻ ቦታ ተሰቅሎ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ትክክለኛ አዳፕተር ተሰክቶለት አሁንም እጅ የሚፈጅ ከሆነ ቀይሩት።