የኤክስካቫተር ኤሲ ጥገና በጅማ

በጅማ ዙሪያ በመንገድ ሥራ ላይ ያለ ኤክስካቫተር (መሬት ቆፋሪ ማሽን) ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) ሲደክም፣ ጋዝ ለመሙላት ከመቸኮል በፊት ኮንደንሰሩን (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል) ማየት ይገባል፤ የበጋው ቀይ አቧራ ክንፎቹን ስለሚደፍናቸው ብዙ ጊዜ ጽዳት ብቻውን ይበቃል።

ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ባኬቱ መሬት ላይ ዐርፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶና የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ተነቅሎ ካልሆነ በቀር የትኛውም ቱቦ አይፈታም። አር-134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚፈላ፣ የነካውን ቆዳና ዐይን በቅጽበት አቀዝቅዞ ይጎዳል፤ መነጽርና ጓንት ግዴታ ናቸው። ጋዙ በመሰብሰቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይገባል እንጂ ወደ አየር አይለቀቅም፤ ጋዝ ባለበት መስመር ላይ መበየድም መርዛማ ጭስ ያስከትላል። የሚያፈስ ቦታ የሚፈለገው ሬጉሌተር (ግፊት መቆጣጠሪያ) በተገጠመለት ደረቅ ናይትሮጅንና በሳሙና አረፋ ነው፤ ኦክስጅን ከኮምፕረሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ክፍል) ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

ቫኪዩም ሲሳብ፣ ማለትም ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በመስመሩ ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ሲወጣ፣ አንድ ነገር ልብ ይባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በባሕር ወለል ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ የሚጠጋው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እዚህ 24 አካባቢ ይቆማል፤ ይህን ያላወቀ መካኒክ ተበላሽቷል ብሎ ደህናውን ፓምፕ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ጋዙ በግምት ሳይሆን በሚዛን፣ በአምራቹ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ክብደት ልክ ይሞላል።