አርክቲክ ላይ ከአገሬው ሕዝብ ጋር ምርምር እንዴት ይሠራል?

አርክቲክ ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣብን ሰው የሌለበት ነጭ በረዶ ነው። ግን 4 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርበታል። ከአሥሩ አንዱ ገደማ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ነው። በካናዳና በግሪንላንድ ኢኑዊት፣ በሰሜን አላስካ ኢኑፒያት፣ በሰሜን ስካንዲኔቪያ ሳሚ፣ በሩሲያ ደግሞ ኔኔትስና ሌሎችም አሉ። ስለ በረዶው፣ ስለ አጋዘኑ ወይም ስለ ዓሣ ነባሪው ልታጠኑ ስትሄዱ የምትገቡት ሰው ቤት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ካናዳ፣ ኖርዌይ ወይም አላስካ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ምርምር ውስጥ ብትገቡ ከምን እንደምትጀምሩ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከእናንተ በፊት ማን መጥቶ ምን እንዳደረገ እወቁ

ሰዎቹ ሲያዩዋችሁ ፊታቸው ካልፈታ ምክንያት አላቸው። ከ1955 እስከ 1957 ባለው ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ላቦራቶሪ ከመቶ ለሚበልጡ የአላስካ ነባር ተወላጆች ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰጥቷል። የፈለገው የታይሮይድ ዕጢ ሰው ብርድን እንዲቋቋም ምን ድርሻ እንዳለው ማየት ነበር። ምን እየዋጡ እንደሆነ በወጉ ያስረዳቸው አልነበረም።

በ1979 ደግሞ በሰሜን አላስካዋ ባሮው ከተማ ስለ አልኮል መጠጥ ጥናት ተካሄደ። ከተማዋ ዛሬ ኡትቂያግቪክ ትባላለች። ውጤቱ ከዚያ በጣም በራቀችው ፊላዴልፊያ ለጋዜጠኞች ተሰጠ። ጋዜጦቹ ያንን ይዘው ከተማውን በሙሉ ሰካራም አድርገው ሳሉት። ነዋሪው አፈረ፣ ተቆጣም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይነሳል። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቦታ የምርምር ታሪክ ሳታነቡ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

2. ጥያቄውን ጨርሳችሁ አትሂዱ

በኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ ገንዘብ ይገኛል፣ ከዚያ በመጨረሻው ሳምንት ለመንደሩ ኢሜይል ተልኮ የድጋፍ ደብዳቤ ይለመናል። ያ ትብብር አይባልም። ያለቀ ነገር ላይ ማኅተም ማስመታት ነው።

የካናዳ ኢኑዊት ብሔራዊ ድርጅት፣ ኢኑዊት ታፒሪት ካናታሚ፣ በ2018 የራሱን የምርምር ስትራቴጂ አውጥቷል። ጥያቄዎቹን በማውጣት፣ ገንዘቡን በመመደብና መረጃውን በመያዝ ኢኑዊት ራሳቸው ሥልጣን እንዲኖራቸው ይጠይቃል። የአራት አገር ኢኑዊትን የሚያሰባስበው የኢኑዊት ሰርከምፖላር ካውንስልም በ2022 ተመሳሳይ መመሪያ አሳትሟል። ሁለቱንም መጀመሪያ አንብቧቸው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። በሰሜን ካናዳ ወዳለው የኢኑዊት ግዛት ወደ ኑናቩት ከሆነ የምትሄዱት፣ በየመንደሩ የአዳኞችና የአጥማጆች ማኅበር አለ። ከእነሱና ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ኢሜይል ብቻ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ፣ ደውሉ። ከተቻለ ምንም መረጃ ሳትሰበስቡ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ቤተሰባችሁ ሲጠይቋችሁ ተናገሩ። ከዚያ «እናንተን የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው?» በሉ።

ጥያቄው ከነዋሪው ሲመጣ ምን እንደሚሆን ስማርት አይስ የተባለው የበረዶ መለኪያ ሥራ ያሳያል። በ2009 እና 2010 መካከል የነበረው ክረምት በምሥራቅ ካናዳ ላብራዶር ባለው የኢኑዊት ክልል፣ በኑናትሲያቩት፣ ባልተለመደ ሁኔታ ሞቀ። ለኢኑዊት የባሕሩ በረዶ መንገዳቸው ነው። አደን የሚወጡት፣ ዘመድ የሚጠይቁት በእሱ ላይ ነው። ያ መንገድ ከዳቸው። የነዋሪው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ዛሬ በዚህ በኩል ባልፍ ይሸከመኛል ወይ? ከካናዳው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው መፍትሔ ሠሩ። የበረዶውን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ባህላዊ ጋሪያቸው በቃሙቲቅ ላይ ተጫነ። በስኖውሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር፣ እየተጎተተ ይለካል። የሚነዳው የሠለጠነ የመንደሩ ሰው ነው። የት ልለካ የሚለውን የሚወስነውም በረዶውን ከልጅነቱ የሚያውቀው ሰው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይሄ ነው።

3. ፈቃድ አውጡ

ኑናቩት ውስጥ የኑናቩት የምርምር ተቋም ፈቃድ ያስፈልጋል። የዱር እንስሳና የአርኪዮሎጂ ጥናት ለብቻው ሌላ ፈቃድ አለው። በሌላው የካናዳ ግዛት በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ደግሞ የኦሮራ የምርምር ተቋምን ትጠይቃላችሁ። ጊዜ ስለሚወስድ ከወራት በፊት ጀምሩ።

ኑናቩት ላይ የጥናቱን አጭር ማብራሪያ በቀላል ቋንቋ ጽፋችሁ ወደ ኢኑዊቶቹ ቋንቋ ወደ ኢኑክቲቱት ታስተረጉማላችሁ። በነገራችን ላይ የኢኑክቲቱት ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል። ለአስተርጓሚው በቂ ጊዜና በቂ ክፍያ ስጡ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። የመንግሥት ወረቀት በእጃችሁ መኖሩ መንደሩ ተስማምቷል ማለት አይደለም።

4. በጀቱ ውስጥ አስገቧቸው

ኑናቩት ውስጥ አንዱን መንደር ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ የለም። ሁሉም ነገር በአውሮፕላን፣ በበጋ ደግሞ በመርከብ ይመጣል። ቤንዚኑም ምግቡም ውድ ነው። እናንተን በስኖውሞቢል የሚወስድ ሰው የራሱን ቤንዚን፣ የራሱን ማሽንና የአደን ቀኑን ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ለመንገድ መሪ፣ ለአስተርጓሚ፣ ከዋልታ ድብ ለሚጠብቃችሁ ሰው፣ ዕውቀታቸውን ለሚያካፍሉ አዛውንት የሚከፈለው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ላይ ይስፈር። ከዩኒቨርሲቲ ለመጣ አማካሪ የሚከፈለውን ገንዘብ ስልሳ ዓመት በረዶ ላይ ለኖሩ ሽማግሌ መንፈግ ነውር ነው። ክፍያው በሰነድ ብዛት ለወራት እንዳይዘገይም ከሒሳብ ክፍላችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

5. ቀኑን እነሱ ይቁረጡ

ኡትቂያግቪክ ላይ ሚያዝያና ግንቦት የዓሣ ነባሪ አደን ወቅት ነው። የሳሚ አርቢዎች አጋዘኖች ደግሞ በግንቦት ይወልዳሉ። በዚያ ሰሞን ሄሊኮፕተር ወይም ድሮን ማስነሳት መንጋ መበተን ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁ የእረፍት ጊዜ አይመቸውም? ዩኒቨርሲቲው ይመቻች።

6. የሚነግሯችሁን እንደ ልኬት ቁጠሩት

በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ኢኑፒያት ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ እንዳያድኑ ከለከለ። የቀረው ከ2,000 አይበልጥም ተብሎ ነበር። ለኢኑፒያት ይህ ምግብም፣ በዓልም፣ ዝምድናም ማጣት ነው። የአላስካ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ኮሚሽን ተሟገተ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ ትንሽ ኮታ ተፈቀደ።

ዓሣ ነባሪዎቹን የሚቆጥሩት ሰዎች በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው በተከፈተው ውኃ የሚያልፉትን ብቻ ነበር የሚቆጥሩት። ውኃው በበረዶ ሲዘጋ ዓሣ ነባሪ አያልፍም ብለው ያስቡ ነበር። አዳኞቹ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። በበረዶው ሥር ያልፋሉ፣ መተንፈስ ሲፈልጉ በጭንቅላታቸው ገፍተው ይሰብሩታል፣ ብዙዎቹም ዓይን ከማይደርስበት ራቅ ብለው ይሄዳሉ አሉ። ይህንን ለሳይንቲስቱ ቶማስ አልበርት ካስረዱት አንዱ አንጋፋው የአደን ካፒቴን ሃሪ ብራወር ሲኒየር ነበሩ።

አልበርት ሰማ። መስማቱ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፣ የአቆጣጠሩ ዘዴ ራሱ ተለወጠ። የውኃ ውስጥ ማይክሮፎኖች ባሕሩ ውስጥ ተዘረጉ። ውኃው ተዘግቶ ቆጣሪው አንድም ሳያይ በሚውልበት ቀን፣ ማይክሮፎኖቹ የሚያልፉትን ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ይቀዱ ነበር። ድምፁ ከየት እንደመጣ እየተሰላ ቁጥሩ ታረመ። በ2001 የተደረገው ቆጠራ ከ10,000 በላይ አገኘ፣ የ2011ዱ ደግሞ 17,000 ገደማ። በእርግጥ በመካከሉ ዓሣ ነባሪዎቹ ተራብተዋል። የመጀመሪያው ቆጠራ ግን ብዙዎቹን ጨርሶ አላያቸውም ነበር።

ከዚህ የምንወስደው አሠራር ይሄ ነው። አንድ አዳኝ የሚነግራችሁ ነገር ከመሣሪያችሁ ጋር ካልተስማማ፣ መሣሪያው ምን እያመለጠው እንደሆነ ፈትሹ። ንግግሩን «የአካባቢው አመለካከት» በሚል ርዕስ ሥር አንድ አንቀጽ ላይ አትቅበሩት። የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ንፋስና በረዶ እንዳዩ ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ዝርዝር ያስደንቃችኋል።

7. መረጃው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ

የአደን ቦታ ካርታ ለማዕድን ኩባንያም ይጠቅማል። የቃለ መጠይቅ ቅጂ ሰውየው ካረፉ በኋላም ይኖራል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ እንዴት ይወጣል የሚለውን ወስኑ። ሲኩ የሚባለውን መተግበሪያ ተመልከቱ። መነሻው በካናዳው ሃድሰን ቤይ ባሕር ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ያለችው የሳኒኪሉዋክ መንደር ነው፣ ይፋ የሆነው በ2019 ነው። አዳኞች የበረዶውን ሁኔታና ያገኙትን እንስሳ በስልካቸው ይመዘግባሉ። መረጃው የመዝጋቢው ነው፣ ማን እንደሚያየውም ራሱ ይወስናል።

8. ውጤቱን ሳታሳትሙ መልሱ

ረቂቁን ይዛችሁ ተመለሱ። በመንደሩ ሬዲዮ ተናገሩ፣ ስብሰባ ጥሩ፣ በቋንቋቸው አንድ ገጽ አዘጋጁ። የሚያርሙት ነገር ካለ ይታረም። በአንድ ትርጓሜ ካልተስማማችሁ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታተሙ። ዕውቀታቸው ጥናቱን ከቀረጸው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስማቸው ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ። ምስጋና ገጽ ላይ «ለመንደሩ ነዋሪዎች» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ከመሄዳችሁ በፊት የመረጃውን ቅጂ ለመንደሩ አስረክቡ። ገመዱን፣ በርሜሉንና የተሰበረውን መሣሪያ ሰብስባችሁ ውሰዱ። የሚሠራ መሣሪያ የምትተዉ ከሆነ መለዋወጫው ይኑረው፣ የሚጠግነው የመንደሩ ሰው ይሠልጥን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራውም ደመወዝ ይኑረው።