ከቆጠራ የሚጀምር የትራፊክ መብራት፦ ለኮምቦልቻ መስቀለኛ መንገዶች የሚሆን አሠራር

ከደሴ የተነሣ ተሳቢ መኪና ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ሲደርስ ፍሬኑ ግሏል፤ ከፊቱ ደግሞ ባጃጁ፣ ጋሪውና ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ልጅ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። ወደ ባቲ፣ ሚሌና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ከተማ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዲጂታል የትራፊክ መብራት አደጋንም ጭስንም እንደሚቀንስ አምናለሁ። ይህን የሚያደርገው ግን ምሰሶው ሳይሆን በመቆጣጠሪያው ውስጥ የሚገባው የሰከንድ ስሌት ስለሆነ፣ ስሌቱ ከራሳችን መንገድ ተለክቶ መገኘት አለበት። ለዚህ ሥራ የከተማ መንገድ ባለሙያና የትራፊክ ፖሊስ ቢተባበሩ፣ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶችም ቢያግዟቸው፣ መነሻ ዕቃው አንድ ስልክ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ቁጠሩ። መስቀለኛው ወለል ብሎ ከሚታይበት ሰገነት ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁና ለትራፊክ ፖሊስ አሳውቃችሁ፣ ስልኩን በማይነቃነቅ መደገፊያ አቁሙና ጠዋት ከ1፡00 እስከ 3፡00፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10፡30 እስከ 12፡30 ቅረጹ፤ የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ ተለይቶ የማይታይበት ርቀት ይመረጣል። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን በመሆኑ የሰኞው ጉዞ ከሌላው ቀን ጋር ስለማይመሳሰል፣ ሰኞንና ቢያንስ አንድ ሌላ የሥራ ቀን መቅረጽ ያስፈልጋል። ከዚያም ቀረጻውን በ15 ደቂቃ እየከፈላችሁ ተሳቢውን፣ ሚኒባሱን፣ ባጃጁን፣ ጋሪውንና እግረኛውን ለየብቻ፣ ወደየት እንደታጠፈም ጭምር መዝግቡ። ቆጠራውን ለኮምፒውተር ፕሮግራም መስጠት ይቻላል፤ ሆኖም በውጭ አገር ምስሎች የሠለጠኑ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ለባጃጅ የተለየ ምድብ ስለሌላቸው መኪና ወይም ሞተር ብለው ይመዘግቡታል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን 15 ደቂቃ በእጅ ቆጥራችሁ አመሳክሩ።

በዚያው ቀረጻ ላይ ለጥቂት የተረፉትንም ፈልጉ። እግረኛው የረገጣትን ነጥብ ለቅቆ ባጃጁ እዚያው ነጥብ ላይ እስኪደርስ ያለፈው ጊዜ ከ1.5 ሰከንድ ካነሰ እንደ ከባድ ሥጋት ይያዝ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ይህ 45 ምስል ማለት ስለሆነ፣ ቀረጻውን ምስል በምስል እያስኬዱ መቁጠር ይቻላል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሰው እስኪሞት ሳይጠበቅ አደገኛው ጥግ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ ይመጣል። እንግሊዛዊው የትራፊክ ተመራማሪ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ በእያንዳንዱ ዙር፣ ማለትም መብራቱ ሁሉንም አቅጣጫ አዳርሶ እስኪመለስ፣ በመነሣትና በመቆም የሚባክነው ሰከንድ በ1.5 ይባዛል፤ 5 ይደመርበታል፤ ውጤቱም ከ1 ላይ የመንገዶቹ የጭነት ድርሻ (የሚመጣው መኪና መንገዱ ማሳለፍ ለሚችለው ሲካፈል) ድምር ተቀንሶ ለሚቀረው ይካፈላል፤ የሚገኘውም የዙሩ ርዝመት ነው። ለምሳሌ አንድ መስመር በማያቋርጥ አረንጓዴ በሰዓት 1,800 መኪና ያሳልፋል ብንል፣ በዋናው መንገድ 540፣ በመጋቢው 360 ቢመጡ ድርሻዎቹ 0.30 እና 0.20 ይሆናሉ። የሚባክነው 10 ሰከንድ ከሆነ ሙሉው ዙር 40 ሰከንድ ነው፤ ከዚህ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ የቀረው 30 በድርሻቸው ሲከፈል አረንጓዴው ለዋናው 18፣ ለመጋቢው 12 ሰከንድ ይደርሳል።

ለመኪና ይህ ይበቃል፤ ለእግረኛ ግን አይበቃም። ዋናውን መንገድ የሚያቋርጠው ሰው የሚሻገረው በእነዚያ 12 ሰከንዶች ነው። መንገዱ 14 ሜትር ቢሰፋ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመዱ እናት ለመሻገር ብቻ 14 ሰከንድ፣ መብራቱን አይተው ለመነሣት ከሚሰጠው 7 ሰከንድ ጋር ደግሞ 21 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። ለሁሉም ዙር 21 ሰከንድ ብንሰጥና የዋናውን አረንጓዴ በዚያው ምጣኔ ወደ 32 ብናሳድግ ዙሩ 63 ሰከንድ ይሆናል፤ ማንም በማይሻገርበት ጊዜም መኪናው ሞተሩን እያስጓራ ይቆማል። የዲጂታሉ ጥቅም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ እግረኛው ቁልፍ ሲጫን ወይም ካሜራው በዜብራው ጠርዝ ላይ ሲያየው 21 ሰከንድ ይሰጣል፣ ሰው ከሌለ ወደ 12 ይመለሳል። ከዚህ በተጨማሪ የእግረኛው መብራት ከመኪናው ከ3 እስከ 7 ሰከንድ ቀድሞ እንዲበራ አድርጉ፤ ታጣፊው ሾፌር ሲነሣ እግረኛው መሐል ደርሶ በግልጽ ይታያል።

ቢጫው ከሌላ ከተማ እንዳለ አይቀዳ። በሜዳ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚመጣ ቀላል መኪና 3.3 ሰከንድ ያህል ቢበቃም፣ በመቶ ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ወደ 3.8 ሰከንድ ይደርሳል፤ ለተጫነ ተሳቢ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል።

ጭሱን በተመለከተ አንድ ስሌት ብቻ ላቅርብ። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቆሞ እንደገና እዚያው ፍጥነት ላይ ለመድረስ ሩብ ሊትር የሚበልጥ ናፍጣ ያቃጥላል፤ መቶ ተሳቢ ያለአስፈላጊ ቢቆም ከ25 ሊትር በላይ ማለት ነው። ስለሆነም ሴንሰሩ ተሳቢ እየቀረበ መሆኑን ሲያይ፣ የሚሻገር ሰው እስካልጠበቀ ድረስ፣ አረንጓዴውን ጥቂት ሰከንድ እንዲያራዝም ይታዘዝ። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ እ.ኤ.አ. በ2012 በ9 መስቀለኛ መንገዶች ላይ የተሞከረው፣ መጪውን መኪና እያየ ሰከንዱን የሚያስተካክል ሥርዓት የጥበቃ ጊዜን በ40 በመቶ፣ የጭስ ልቀትን በ21 በመቶ ቀንሷል።

መብራት በጠፋ ቁጥር መስቀለኛው ባለቤት አልባ እንዳይሆን አምፖሎቹ ኤልኢዲ፣ መጠባበቂያቸውም ሶላርና ባትሪ ይሁን፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ በየአቅጣጫው ቀይ ብልጭ ድርግም እንዲል ይደረግ። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ያው ስልክ ያው ሰገነት ላይ ይመለስና ያው ሰኞ ይቀረጽ፤ ከ1.5 ሰከንድ በታች የሆኑት ካልቀነሱ ሰከንዶቹ እንደገና ይሰሉ።